ሊድ የሌለው ሊድ

አዳማ ውስጥ ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ ካሉት የሞባይልና የሪሲቨር ጥገና ቤቶች ወደ የትኛውም ቢገባ የብየዳው ሽቦ ስሙ «ሊድ» ነው። «ሊድ አቀብለኝ»፣ «ሊዱን በደንብ አጠጣው»፣ «ይሄ ሊድ አይይዝም»። ቃሉ በእንግሊዝኛ እርሳስ ማለት ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው ቦርድ ላይ ያለው ብየዳ ግን እርሳስ ካጣ ወደ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ «ሊድ ፍሪ ሊድ አለህ?» የሚል ጥያቄ ሲሰማ ያስቃል። እርሳስ የሌለው እርሳስ! እኔን ከሳቁ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ከስሙ ጋር አሠራሩም መቆየቱ ነው። እጃችን በእርሳስ ዘመን የለመደውን ሙቀት፣ ዓይናችን በእርሳስ ዘመን የለመደውን ውበት ይዞ እርሳስ የሌለው ቦርድ ላይ ይሠራል። ዕቃው ተበላሽቶ ሲመለስ ፍርዱ ዝግጁ ነው፦ «ሊድ ፍሪ ስለሆነ ነው፤ ሊድ ፍሪ አይበረክትም።»

ይህ ፍርድ ከግማሽ በላይ ስም ማጥፋት ነው ባይ ነኝ። ሊድ ፍሪ የራሱ ድክመት አለው፤ እመጣበታለሁ። ብየዳን በብዛት የሚገድለው ግን የሙቀት መውጣትና መውረድ ነው። ከዚያ የተረፈውን ደግሞ እኛው ሁለቱን ዓይነት ሳናውቅ ቀላቅለን እንጨርሰዋለን።

ነገሩ የመጣው ከአውሮፓ ኅብረት ሕግ ነው። «ሮኸስ» ተብሎ የሚጠራው መመሪያ ከጁላይ 1 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ውስጥ ባለ ማንኛውም ወጥ ቁስ ላይ እርሳስ ከክብደቱ 0.1 በመቶ እንዳይበልጥ አዘዘ። የፈራው ዕቃው ሲጣል እርሳሱ መሬትና ውሃ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ሕጉ እኛን አይመለከትም፤ ዕቃው ግን ይመለከተናል። ፋብሪካ ለአውሮፓ አንድ መስመር፣ ለአዳማ ሌላ መስመር አያቆምምና። ቀልዱ ደግሞ ሕጉ ከ85 በመቶ በላይ እርሳስ ያለውን፣ በከፍተኛ ሙቀት የሚቀልጠውን ብየዳ ነፃ ማድረጉ ነው። ስለዚህ «ሊድ ፍሪ» የሚል ምልክት ያለው ቻርጀር ውስጥ ያለው ዳዮድ፣ ሆዱ ውስጥ ሲሊኮኑ የተጣበቀው በእርሳስ ሊሆን ይችላል።

ወደ ብረቱ እንምጣ። 63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ ያለው ሽቦ በ183 ዲግሪ ድንገት ይቀልጣል፣ እዚያው 183 ላይ ድንገት ይረጋል። በእሱ ቦታ የገባው ዋናው ቅይጥ 96.5 በመቶ ቆርቆሮ፣ 3 በመቶ ብርና 0.5 በመቶ መዳብ ያለው ነው፤ በሙያው «ሳክ 305» ይባላል። የሚቀልጠው ከ217 እስከ 220 ዲግሪ ባለው ነው። ብር የሌለበትና ዋጋው የሚቀንሰው፣ 99.3 ቆርቆሮና 0.7 መዳብ ያለው፣ 227 ዲግሪ ይፈልጋል።

የ34 ዲግሪ ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ችግሩ የቺፑ ፕላስቲክ አብሮ አለመጠንከሩ ነው። አብዛኛው ቺፕ ሰውነቱ ከ260 ዲግሪ እንዳያልፍ ይባላል። በእርሳስ ጊዜ ቦርዱ ምድጃ ውስጥ እስከ 220 ቢደርስ ይበቃው ስለነበር እስከ 260 ድረስ ሰፊ ሜዳ ነበር። አሁን ብየዳው በደንብ እንዲረጥብ ከ235 እስከ 245 ያስፈልጋል። ለስህተት የቀረው 15 ዲግሪ ገደማ ነው። ሆት ኤር (ትኩስ አየር የሚነፋ መሣሪያ) ይዞ በግምት የሚሠራ ሰው 15 ዲግሪን በአንድ የእጅ ዘንበል ያልፈዋል። መሣሪያው ላይ የሚነበበው 380 የአየሩ ሙቀት እንጂ የብየዳው አይደለም። የብየዳውን ለማወቅ ከቺፑ ጎን ሙቀት በሚችል ቴፕ የተለጠፈ ቴርሞካፕል (ሙቀት መለኪያ ሽቦ) ያስፈልጋል። ከመልቲሜትር ጋር የሚመጣው ቀጭኑ ሽቦ ይበቃል። ከሥር ቦርዱን እስከ 150 ማሞቅ፣ ከዚያ በሰከንድ ከ1 እስከ 3 ዲግሪ እያሉ መውጣት፣ ከ217 በላይ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ መቆየት፣ ከዚያ ሳይነቃነቅ ማቀዝቀዝ። ቺፑ እርጥበት ከጠጣ ደግሞ በዚህ ሙቀት ውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ እንደ ፈንዲሻ ያፈነዳዋል። ስለዚህ ለወራት ክፍት የተቀመጠ ቺፕ ከመጫኑ በፊት 125 ዲግሪ ላይ 24 ሰዓት ይደርቃል። ፕላስቲክ ሶኬት የተተከለበት ቦርድ ይህን ስለማይችል ባትሪው ወጥቶ በ80 ወይም 90 ዲግሪ ረዘም ላለ ጊዜ ይቀመጣል።

ካውያውም፣ ማለትም የሚበየድበት መሣሪያ፣ ይጎዳል። ቆርቆሮ የበዛበት ብየዳ የጫፉን የብረት ሽፋን ቶሎ ይበላል። ሙቀቱ 420 ላይ ተትቶ ሻይ ሊጠጣ የወጣ ሰው ሲመለስ ጫፉ ጠቁሮ ምንም አይነካም። ለሊድ ፍሪ ከ350 እስከ 370 ይበቃል። አልቀልጥ ሲል መጨመር ያለበት ሙቀቱ ሳይሆን የጫፉ ስፋት ነው። እንደ መርፌ የሾለ ጫፍ 400 ላይም ቢሆን ለመሬት መስመሩ ሰፊ መዳብ ሙቀት ማድረስ አይችልም፤ 2.4 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ጫፍ 350 ላይ በ3 ሰከንድ ይጨርሰዋል። ሲጠፋም ጫፉ ላይ ትኩስ ሊድ ለብሶ ይጥፋ።

አሁን ዓይናችን ስለሚያታልለን ነገር። በእርሳስ የተበየደ ነጥብ እንደ መስታወት ያበራል፤ ከደበዘዘ ደግሞ «ኮልድ» ነው፣ በደንብ አልያዘም እንላለን። ሳክ 305 ግን ሲረጋ ቆርቆሮው በጥቅል ክሪስታል ስለሚያድግ ገጹ ጨለም ያለ፣ ሻካራ፣ አንዳንዴም ላዩ ላይ ቀጭን የመኮማተር ቦይ ያለበት ነው። ይህ ጤናማ ነጥብ ነው። ብዙ ደህና ቦርድ የሚበላሸው «ይሄማ ደብዝዟል» ተብሎ እያንዳንዱ ነጥብ በካውያ ሲነካካ ነው። የሞቀ ቆርቆሮ መዳብ ይጠጣል። ሦስት አራት ጊዜ የቀለጠ ነጥብ ላይ የፓዱ (እግሩ የሚበየድበት የቦርዱ መዳብ) ቀለበት ይሳሳና አንድ ቀን ከቦርዱ ተላቆ ይነሳል። ስለዚህ የሚታየው ውበቱ ሳይሆን ጠርዙ ነው፤ ሊዱ ወደ ፓዱም ወደ እግሩም ቀስ ብሎ ተንሸራቶ ከሆነ ይዟል፣ እንደ ውሃ ጠብታ ኳስ ሠርቶ ከተቀመጠ አልያዘም።

መጽናት ወይም አለመጽናት የሚባለው ጉዳይ የሚወሰነው ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ዕቃው ቤት ገብቶ ሥራ ሲጀምር ነው። ሁሉም ነገር ሲሞቅ ይሰፋል፣ እኩል ግን አይሰፋም። ለመንገድና ለግቢ መብራት የሚሆነውን ኤልኢዲ እንውሰድ። ሴራሚክ መቀመጫ ያለውና ጎኑ 3.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ኤልኢዲ አሉሚኒየም ቦርድ ላይ ተበይዷል። አሉሚኒየሙ በአንድ ዲግሪ ከሚሊዮን 23 እጅ ይሰፋል፣ ሴራሚኩ 7 እጅ። መብራቱ ሲበራ 60 ዲግሪ ጨመረ እንበል። ከመሃል እስከ ጠርዝ ባለው 1.75 ሚሊ ሜትር ላይ ልዩነቱ 1.7 ማይክሮን ገደማ ይሆናል፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ለአርባ ቢከፈል አንዱ ማለት ነው። ምንም አይደለም የሚያሰኝ ነው። ከኤልኢዲው ሥር ያለው ብየዳ ግን ውፍረቱ 50 ማይክሮን ብቻ ከሆነ፣ ያ 1.7 ማይክሮን ብየዳውን በሦስት በመቶ ተኩል ያህል ይገፋዋል። ሲጠፋ ይመልሰዋል። ነገ ማታ እንደገና። ሽቦን ወዲያና ወዲህ አጥፎ መስበር የምናውቀው ነገር ነው፤ ብየዳም የሚሰበረው እንዲሁ ነው።

ብየዳ ደግሞ ሌላ ጉድ አለበት። የክፍል ሙቀት ለእኛ ቀዝቃዛ ነው፣ ለእሱ ግን እሳት ነው። ከፍጹም ዜሮ ተነስቶ ሲቆጠር 25 ዲግሪ ማለት ሳክ 305 ከሚቀልጥበት 60 በመቶውን መድረስ ነው። ለብረት ይህ 800 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፤ ቀጥቃጭ ከፍሙ ያወጣው የቀላ ብረት ማለት ነው። ጠረጴዛ ላይ ያለ ብየዳ ሁልጊዜ በዚያ ሁኔታ ላይ ስለሆነ በጫና ሥር ቀስ እያለ ይለጠጣል።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ የሚለያዩት። በእርሳስ የተሠራው ለስላሳ ነው፤ ቶሎ ይለጠጣል፣ ጫናውን ቶሎ ያስተነፍሳል። ሳክ 305 ጠጣር ነው፣ ይቋቋማል። የሙቀቱ መውጣትና መውረድ መጠነኛ ሲሆን፣ እንደ ሪሲቨር፣ ላፕቶፕ፣ ቴሌቪዥን ላሉ ዕቃዎች፣ ሳክ 305 ከ63/37 የበለጠ ዙር ይቆያል። ይህን ብዙ ሰው አያምንም። ልዩነቱ ሲበዛ፣ ትልልቅ ሴራሚክ ባለበትና ከብርቱ ብርድ ወደ 125 ዲግሪ በሚወሰድ ቦርድ ላይ፣ ነገሩ ይገለበጥና እርሳሱ ያሸንፋል። ሌላም አለ። ላቦራቶሪ ውስጥ በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ የሚቆየው 10 ወይም 15 ደቂቃ ነው፤ ሳክ ቀስ ብሎ ስለሚለጠጥ በዚያ ጊዜ ውስጥ ጉዳቱን ጨርሶ አያሳይም። ቤት ውስጥ ዕቃው ሙሉ ቀን ይሞቃል፣ ሙሉ ሌሊት ይበርዳል። ስለዚህ የላቦራቶሪው ቁጥር ለሊድ ፍሪ ትንሽ ያደላል።

አዳማ ላይ ዙሩን የሚቆጥረው ደግሞ መብራት ነው። መብራት ሲሄድ ቦርዱ ይቀዘቅዛል፣ ሲመጣ ይሞቃል፤ አንድ ዙር። ለሁለት ደቂቃ ብልጭ ብሎ የሚመለሰው አይቆጠርም፣ ቦርዱ ለመቀዝቀዝ ጊዜ አያገኝም። ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚቆየው ነው ሙሉ ዙር። በቀን 3 ጊዜ ብንል በዓመት 1,095 ዙር ይሆናል። በአንድ መለኪያ ከ0 እስከ 100 ዲግሪ 1,000 ዙር የተፈተነ ብየዳ፣ በእኛ ቤት ከ30 ወደ 70 ብቻ ሲመላለስ ልዩነቱ በሁለት ተኩል እጥፍ ስላነሰ፣ ጉዳቱ በካሬው ይቀንሳል ቢባል ወደ 6,000 ዙር ይወጣዋል። አምስት ዓመት ተኩል። ግምታዊ ስሌት ነው፣ ግን ዕቃው ለምን ስድስተኛ ዓመቱ ላይ ሲነኩት የሚሠራ፣ ሲተዉት የሚጠፋ እንደሚሆን ይናገራል። በዚህ ላይ ከተማው ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው 15 በመቶ ያህል ስለሚሳሳ ፋን ያንኑ ያህል እየዞረ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። የበጋው ነፋስ የሚያመጣው አቧራ ደግሞ የሙቀት ማስወገጃውን ክንፎች ይሞላል። ለብየዳ ዕድሜ ከሚደረጉት ነገሮች ርካሹ በብሩሽና በነፊ ማጽዳት ነው። በዓመት ሁለቴ፤ ቅይጥ ከመምረጥ ይበልጣል።

በንዝረትና በመውደቅ ግን ሊድ ፍሪን አልከላከልለትም። ጠጣርነቱ እዚህ ጠላቱ ነው። ስልክ ሲወድቅ ጉልበቱ በሺኛ ሰከንድ ስለሚመጣ ብየዳው ለመለጠጥ ጊዜ የለውም፤ በመዳቡና በቆርቆሮው መሃል ያለው ቀጭንና ተሰባሪ ሽፋን ላይ ይሰነጠቃል፣ ወይም ፓዱን ከነፋይበሩ ከቦርዱ ይነቅለዋል። ብሩን ወደ 1 በመቶ ያወረዱ ቅይጦች የመጡት ለዚህ ነው። ባጃጅ ላይ የተገጠመ ቴፕም በኮብልስቶን ላይ ተመሳሳይ መከራ ያያል። ትልቁን ካፓሲተር በሲሊኮን ማጣበቂያ ከቦርዱ ጋር ማሰር ከየትኛውም ሊድ ይሻላል።

የቆርቆሮ ጢምን ጉዳይ በአጭሩ ላንሳው፣ ኢንተርኔት ላይ ከሚገባው በላይ ስለሚወራ። ንጹሕ ቆርቆሮ ከተለበጠ ብረት ላይ በራሱ ጊዜ ቀጭን ፀጉር ያበቅላል፤ ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን፣ ርዝመቱ ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል፣ ሁለት እግር ከነካ ሾርት ያደርጋል። ጥቂት እርሳስ ሲጨመር ይከለከላል። በ1998 እ.ኤ.አ. ጋላክሲ 4 የተባለችው ሳተላይት ስትጠፋ ምክንያቱ ይኸው ጢም ነው ተብሏል። የሪሲቨር ጠጋኝ ግን አቧራን ይፍራ። ቆርቆሮ በብርድ ዱቄት ይሆናል የሚለውም እውነት ነው፣ ከ13 ዲግሪ በታች ይጀምራል፤ በተግባር የሚፈጥነው ከዜሮ በታች 30 እና 40 ላይ ስለሆነ ለአዳማ አይነገርም።

መቀላቀሉ ነው እኛን የሚጎዳን። ሦስት ሁኔታ አለ። ሊድ ፍሪ ኳስ ያለውን ቢጂኤ ቺፕ (በእግር ፈንታ ከሥሩ የብየዳ ኳሶች የተደረደሩበትን) እርሳስ ባለው ፔስት፣ ማለትም በብየዳ ቅባት፣ ጭኖ በ200 ዲግሪ ማቆም የመጀመሪያው ነው። ፔስቱ ይቀልጣል፣ ኳሱ አይቀልጥም፤ ዕቃው ይነሳል፣ ጥቂት ጊዜም ይሠራል፣ ግማሹ ብቻ የተዋሃደ ኳስ ግን ከመጋጠሚያው ይላቀቃል። ወይ ኳሱን ሙሉ በሙሉ አንስቶ በአንድ ዓይነት መተካት፣ ወይ ከ217 በላይ ወስዶ ጨርሶ ማዋሃድ ነው። ሁለተኛው የቀለጠ ሊድ በሚመጠው የመዳብ ጠለፋ ሳይጠርጉ ትንሽ ሊድ «ማስነካት» ነው። ጥቂት በመቶ እርሳስ በብዙ ቆርቆሮ ውስጥ ሲገባ መጨረሻ ላይ የሚረጋው ክፍል ውስጥ፣ በ179 ዲግሪ የሚቀልጥ ሆኖ በክሪስታሎቹ ድንበር ላይ ይሰበሰባል፤ ስንጥቅ የሚፈልገው መንገድ እሱው ነው። ሦስተኛው የባሰው ነው። ቺፕ ለማንሳት የሚሸጠው በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጥ ሊድ ቢስሙዝ የተባለ ብረት አለበት። ቢስሙዝ፣ ቆርቆሮና እርሳስ ሲገናኙ በ96 ዲግሪ የሚቀልጥ ቅይጥ ይሠራሉ። አዳማ ላይ ውሃ ከሚፈላበት በጥቂት ዲግሪ ብቻ የሚበልጥ ነው! እንዲህ ተደርጎ ያልተጠረገ የፓወር ትራንዚስተር ሲግል እግሩ ከፓዱ ቢላቀቅ አይገርምም። ቢስሙዝ የነካው ፓድ በፍላክስና (ብየዳው እንዲይዝ ብረቱን የሚያጸዳው ሙጫ) በጠለፋ ሁለት ጊዜ ይጠረጋል፣ በአዲስ ሊድ ይለበሳል፣ እንደገና ይጠረጋል።

ላፕቶፕ ግራፊክስ ቺፑን በሆት ኤር «አሙቆ» መመለስም ለሊድ ፍሪ ስም መጥፋት ምክንያት ሆኗል። ካሞቁት በኋላ ለሳምንታት ስለሚሠራ ሰው ኳሱ ተሰንጥቆ ነበር ብሎ ይደመድማል። ብዙ ጊዜ ግን የተሰነጠቀው ከኳሶቹ በላይ፣ ቺፑ ውስጥ ሲሊኮኑን የሚይዙት ጥቃቅን ጉብታዎች ናቸው። ሙቀቱ መቀመጫውን አጣሞ ለጊዜው ያነካካቸዋል። ያ ጥገና አይደለም። ለደንበኛ ሲነገርም «ታመመ፣ ለጊዜው ተነስቷል» እንጂ «ተሠራ» መባል የለበትም።

የሚሠራውን አንድ ሥራ በቅርብ ላሳይ፦ የሪሲቨር ፓወር መሰኪያ። አምፖል ሥር ቦርዱን አዘንብሎ በማጉያ ሲታይ በእግሩ ዙሪያ ክብ፣ ቀጭን፣ ጥቁር መስመር አለ፤ በጣት ሲገፋ መስመሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ይህ ላይ ሊድ መጨመር ስንጥቁን መቅበር ነው። ፍላክስ ይቀባል፣ ትንሽ ሊድ ይጨመርበትና ሙሉ በሙሉ እስኪቀልጥ ከተጠበቀ በኋላ በሳከር (በመምጠጫ) ይወጣል፣ የቀረው በጠለፋ። እግሩ በቀዳዳው መሃል ላላ ብሎ መንቀሳቀስ አለበት፤ ካልተንቀሳቀሰ አሮጌው አልወጣም። እግሩ ጠቁሮ ከሆነ በስለት ይፋቃል፤ የጠቆረ ብረት ሊድ አይጠጣም። ከዚያ 0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ 350 ዲግሪ፣ ጫፉ እግሩንም ፓዱንም በአንድ ጊዜ ይነካል፣ ሽቦው ከካውያው ሳይሆን ከተቃራኒው ጎን ይገባል። ከ2 እስከ 3 ሰከንድ። ከ5 ካለፈ ፓዱ ይነሳል። በሌላው ገጽ ሲታይ ቀዳዳው ቢያንስ ሦስት አራተኛው ሞልቶ መሆን አለበት። መሬት መስመር ላይ ካልሞላ ከሥር በሆት ኤር እስከ 100 ወይም 120 ዲግሪ ማሞቅ ነው እንጂ ካውያውን 450 ማድረስ አይደለም። ለእንዲህ ያለው ትልቅ እግር በደንብ ከተጠረገ በኋላ 63/37 ብጠቀም ቅር አይለኝም፤ በሐቀኝነት ለእጅ ሥራ ከሁሉም የሚመች እሱ ነው።

63/37 ከሆነ ነው ነገሩ። ጥቅሉ ላይ የተጻፈው ሁልጊዜ ውስጡ ያለው አይደለም። ቆርቆሮ ከእርሳስ ይወደዳል፤ ስለዚህ የሚጭበረበረው ቆርቆሮው ላይ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ሽቦ በቴርሞካፕል ጫፍ ላይ ቀልጦ እንዲቀዘቅዝ ይተዋል። እውነተኛ 63/37 ከሆነ ቁጥሩ 183 ላይ ቆም ይልና ጠብታው በአንድ ጊዜ ይረጋል። 40 ቆርቆሮ 60 እርሳስ ከሆነ ግን ከ238 ጀምሮ እስከ 183 ድረስ ገንፎ ነው፤ በመርፌ ሲነካ ይንቀጠቀጣል፣ በዚያ መሃል እጅ ከተንቀሳቀሰ ነጥቡ ውስጡ ተሰነጣጥቆ ይቀራል። 217 አካባቢ ከረጋ ሳክ ነው፣ 227 ላይ ከሆነ ቆርቆሮና መዳብ።

ስለ ጭሱም፦ የሚያስለው የፍላክሱ ሙጫ እንጂ እርሳስ አይደለም፤ በካውያ ሙቀት እርሳስ አይተንም። ሊድ ፍሪም እኩል ያስላል፣ አንዳንዱ ይብሳል፤ ፋን ከጎን ይቀመጥ። እርሳስ የሚገባው በእጅ በኩል ነው። በእጃችን የምንጎርስ ሰዎች ነንና ምሳ ከመቅረቡ በፊት በሳሙና መታጠብ ግድ ነው፤ ሽቦውን በጥርስ ይዞ መሥራትም ይቅር።

ቦርድ ከመነካቱ በፊት ከጠርዙ አካባቢ አንዲት ትንሽ የእንግሊዝኛ «ኢ» ፊደልና ቁጥር ብትፈለግ ጥሩ ነው። ሁሉም ፋብሪካ አያትማትም፤ ካለች ግን «ኢ 1» ቆርቆሮ፣ ብርና መዳብ ነው፣ «ኢ 2» ብር ከመዳብ ጋር ያልገባበት ሌላ የቆርቆሮ ቅይጥ፣ «ኢ 6» ቢስሙዝ ያለበት። «ኢ 6» ያለበት ቦርድ ላይ እርሳስ አይቀርብም። ጥገናው ካለቀ በኋላ ደግሞ በማይለቅ ማርከር ክዳኑ ውስጥ፣ ለቀጣዩ ጠጋኝ፦ የቱ ነጥብ፣ በየትኛው ሊድ፣ መቼ። ሦስት ቃል ይበቃል፤ «መሰኪያ፣ 63/37፣ ጥቅምት»።